«ሲኤስቪው ቁጥሬን በላው»፦ ኤክሴልን ወደ ተራ ጽሑፍ በመቀየር ዙሪያ ያሉ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ሲኤስቪ ቁጥር ያበላሻል።» ደመወዝ ወደ ባንክ ከሚልኩ የሂሳብ ሠራተኞች፣ መዝገብ ወደ ሲስተም ከሚያስገቡ ዳታ ክለርኮች፣ አልፎ ተርፎም ስክሪፕት (ሥራን በራሱ የሚያካሂድ አጭር ፕሮግራም) ከሚጽፉ ባለሙያዎች አፍ ይህ አባባል የማይሰማበት ወር የለም። ስህተት ነው። ሲኤስቪ ተራ ጽሑፍ ነው፤ በኮማ የተለያዩ ፊደሎችና አሃዞች እንጂ ሌላ ምንም የለበትም። ቁጥር ምን እንደሆነ፣ ቀን ምን እንደሆነ አያውቅም። የማያውቀውን ነገር ሊያበላሽ አይችልም። ጥፋቱን እሱ ውስጥ የሚፈልግ ሰው ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው የያዘው፤ ፋይሉን አሥር ጊዜ ደጋግሞ ቢቀይርም አሥር ጊዜ ያው ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። አንድ የኤክሴል ሴል ሁለት ነገር ይይዛል፦ የተቀመጠው ዋጋ እና በስክሪን ላይ የሚታየው መልክ። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ማንኛውም ቀያሪ መሣሪያ ከሁለቱ አንዱን መርጦ ይጽፋል፤ የትኛውን እንደሚጽፍ ሳያውቁ ሥራውን አውቶማቲክ ማድረግ ስህተቱን አውቶማቲክ ማድረግ ነው። ረጅም ቁጥር የሚጠፋባቸው ሦስት ቦታዎች አሉ፤ መፍትሔያቸውም ለየቅል ስለሆነ አንድ በአንድ እንያቸው።

የመጀመሪያው ቁጥሩ ሲጻፍ ነው። ኤክሴል ከአንድ ቁጥር የሚያስቀምጠው 15 አሃዝ ብቻ ነው። በፋይዳ ካርድ ላይ ያለውን 16 አሃዝ ቁጥር ተራ ሴል ውስጥ ብትጽፉት የመጨረሻዋ አሃዝ ወዲያውኑ 0 ትሆናለች። ማስጠንቀቂያ የለም። ከዚያ በኋላ የሴሉን ፎርማት ወደ ጽሑፍ መቀየር የጠፋችውን አሃዝ አይመልስም፤ የትኛውም ስክሪፕት አያገኛትም፤ ያለው መንገድ ከካርዱ እንደገና መጻፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ፎርማቱ መቀየር ያለበት አንድ ቁጥር እንኳ ከመጻፉ በፊት ነው፦ ሙሉ ዓምዱን መምረጥ፣ ኮንትሮልን ከ1 ጋር መጫን፣ ከዝርዝሩ «ቴክስት»ን መምረጥ። የስልክ ቁጥር መነሻ ዜሮም የሚድነው በዚሁ መንገድ ነው፤ 09 ወይም 07 ብሎ የሚጀምር ቁጥር ተራ ሴል ውስጥ ሲገባ 9 አሃዝ ሆኖ ይቀራል።

ሁለተኛው ሲኤስቪ ተብሎ ሲቀመጥ ነው። ኤክሴል ራሱ በ«ሴቭ አዝ» ሲኤስቪ ሲያወጣ የሚጽፈው የሚታየውን መልክ ነው። ተራ ፎርማት ያለው ሴል ከ11 አሃዝ በላይ የሆነን ቁጥር በሳይንሳዊ አጻጻፍ ያሳያል። እንግዲህ 1000 ብሎ የሚጀምር 13 አሃዝ የባንክ ሂሳብ ቁጥር 1.00012፣ ከዚያ «ኢ» የምትባለዋ የላቲን ፊደል፣ ከዚያ +12 ሆኖ ይታያል፤ ፋይሉም ላይ እንደዚያው ይጻፋል። ከ13ቱ አሃዝ የተረፉት 6 ብቻ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ 6 አሃዞቻቸው የሚመሳሰሉ ሠራተኞች ሁሉ አንድ ዓይነት የሂሳብ ቁጥር ኖሯቸው ቁጭ ይላሉ። እዚህ ላይ ግን ኤክሴል ፋይሉ ውስጥ ያለው ዋጋ ምሉዕ ነው፤ ዋናውን ፋይል ከፍቶ የዓምዱን ፎርማት ቁጥር፣ የአስርዮሽ ቦታውን 0 አድርጎ እንደገና ማውጣት ይበቃል።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚወድቅበት ነው፤ ተመልሶ ሲከፈት። ስክሪፕቱ በትክክል ያወጣውን ሲኤስቪ ሰውየው «እስቲ ልየው» ብሎ ደብል ክሊክ ያደርገዋል፤ የሚከፍተው ኤክሴል ነው። ኤክሴል እያንዳንዱን ጽሑፍ «ይህ ቁጥር ነው፣ ይህ ቀን ነው» እያለ በራሱ ግምት ይተረጉማል፦ መነሻ ዜሮው ይወድቃል፣ 16ኛዋ አሃዝ ዜሮ ትሆናለች፣ የሂሳብ ቁጥሩ በሳይንሳዊ አጻጻፍ ይታያል። እስከዚህ ድረስ ዲስኩ ላይ ያለው ፋይል ደህና ነው። ሰውየው ዓምዱን ሰፋ አድርጎ «ሴቭ» ያለ ጊዜ ግን አለቀለት። ከዚያ «ስክሪፕቱ አበላሸው» ይባላል። የተቀየረ ፋይል የሚታየው በኖትፓድ ነው፤ በኤክሴል አይደለም። በኤክሴል ማየት የግድ ከሆነ «ዴታ» በሚለው ትር ስር «ፍሮም ቴክስት/ሲኤስቪ» የሚለውን ተጠቅሞ፣ «ትራንስፎርም» ገብቶ፣ የሂሳብ፣ የስልክና የመታወቂያ ዓምዶችን ጽሑፍ ብሎ መሰየም ነው። ከ2023 ወዲህ ያሉ የማይክሮሶፍት 365 የኤክሴል እትሞች በ«ኦፕሽንስ» ውስጥ፣ «ዴታ» በሚለው ክፍል፣ ይህን ራስ ገዝ ትርጉም ማጥፊያ አላቸው። ፋይል የሚቀባበል ቢሮ ሁሉ ዛሬውኑ ሊያጠፋው ይገባል።

በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ የሚሠሩም ከዚህ አያመልጡም። ፓንዳስ የሚባለው የፓይተን የሠንጠረዥ ማንበቢያ የሚያነበው የተቀመጠውን ዋጋ ነው፤ የሚታየውን አይደለም። ሴሉ ላይ አሥር ዜሮ የሆነ ልዩ ፎርማት ተሰጥቶት የስልኩ ቁጥር ከነዜሮው ቢታይም፣ ውስጡ ያለው 9 አሃዝ ስለሆነ የሚወጣው 9 አሃዝ ነው። ከዓምዱ አንድ ሴል ባዶ ከሆነ ደግሞ ፓንዳስ ዓምዱን በሙሉ ወደ አስርዮሽ ቁጥር ይቀይረውና እያንዳንዱ ስልክ ጫፉ ላይ «.0» ለጥፎ ይወጣል። መድኃኒቱ ሲነበብ ጀምሮ የዓምዱን ዓይነት ጽሑፍ ብሎ ማዘዝ፣ የወደቀውን ዜሮ ደግሞ ርዝመቱ 9 በሆነ ቁጥር ላይ ብቻ መመለስ ነው። ርዝመቱን ሳያዩ ለሁሉም ዜሮ መለጠፍ +251 ብለው የተጻፉትን ያበላሻል።

«ሲኤስቪ አማርኛ አይደግፍም።»

ይደግፋል። የግዕዝ ፊደል ለዓለም ፊደላት የጋራ መለያ ቁጥር በሚሰጠው ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው (እንደ ፈረንጆቹ)፤ ዩኒኮድን ፋይል ላይ በሚያሰፍረው በዩቲኤፍ-8 የተጻፈ ማንኛውም ጽሑፍ ይይዘዋል። ችግሩ ኤክሴል ላይ ሁለት የሚመሳሰሉ ምርጫዎች መኖራቸው ነው። «ሲኤስቪ ኮማ ዲሊሚትድ» የሚለው የሚጽፈው በዊንዶውሱ የአካባቢ የፊደል ኮድ ነው፤ በዚያ ኮድ ውስጥ ግዕዝ ስለሌለ እያንዳንዱ ፊደል የጥያቄ ምልክት ይሆናል። «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8» የሚለው ግን ፊደሉን እንዳለ ያወጣል። ፋይሉን ሳይከፍቱ መለየት ይቻላል። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 3 ባይት (የፋይል መጠን መለኪያ) ይወስዳል፦ «ሰላም» 9 ባይት ነው። ሦስት የጥያቄ ምልክት ግን 3 ባይት ብቻ ነው። በአማርኛ ስም የተሞላ ፋይል ከሚጠበቀው ሲሶ ያህል ሆኖ ከወጣ ስሞቹ የሉም።

እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ይምታታሉ። የጥያቄ ምልክት ካያችሁ ፊደሉ ጠፍቷል፤ ከዋናው ፋይል እንደገና ማውጣት ነው። አናታቸው ላይ ጭረትና ነጥብ ያለባቸው የላቲን ፊደሎች ዝርግፍ ካያችሁ ግን ምንም አልጠፋም፤ ፋይሉ ዩቲኤፍ-8 ሆኖ ሳለ ኤክሴል በሌላ ኮድ አንብቦት ነው። ከፋይሉ ራስ ላይ 3 ባይት የምትወስድ የማትታይ መለያ ብትኖር ኤክሴል ይገባዋል፤ ፓይተን ላይ «ዩቲኤፍ-8-ሲግ» የሚባለው አጻጻፍ እሷን ይጨምራል። ለሰው ለሚላክ ፋይል ጨምሯት። ለሌላ ሲስተም ለሚገባ ፋይል ግን አትጨምሯት፤ ከመጀመሪያው ዓምድ ስም ጋር ትጣበቅና ሲስተሙ «ይህ ዓምድ የለም» ይላል፣ በዓይን ሲታይ ግን ስሙ ቁልጭ ብሎ ተቀምጧል።

ሦስተኛ በሽታም አለ፤ የአገራችን ነው። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የድሮ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ መዝገብ በኤክሴል ላይ ጥርት ያለ አማርኛ ሆኖ ይታያል፤ ውስጡ ያለው ግን የላቲን ፊደልና ምልክት ነው፣ አማርኛ የሚያስመስለው ፎንቱ ነው። ተራ ጽሑፍ ፎንት አይዝም፤ ስለዚህ ሲቀየር ትርጉም የለሽ ምልክት ይወጣል። መለያው ቀላል ነው፦ ሴሉን ተጫኑና ከላይ ያለውን የፎርሙላ ማሳያ መስመር ተመልከቱ። ያ መስመር የሴሉን ፎንት አይጠቀምም። እዚያ አማርኛ ካነበባችሁ ዩኒኮድ ነው፤ ምልክት ካያችሁ የድሮ ፎንት ነው፣ ወደ ጽሑፍ ከመቀየሩ በፊት በፎንቱ የፊደል ሠንጠረዥ መሠረት ወደ ዩኒኮድ መተርጎም አለበት። ሠንጠረዡ ከፎንት ፎንት ይለያያል፤ የአንዱን ለሌላው መጠቀም አይቻልም።

«ቀኑን ኮምፒውተሩ ያስተካክለዋል።»

የኢትዮጵያን ቀን ለኤክሴል የሚሰጥ ሰው ይህን ማመን የለበትም። ዊንዶውሱ በአሜሪካ አቀማመጥ ላይ ከሆነ ወርን ያስቀድማል። ኅዳር 12 ቀን 2016ን 12/3/2016 ብላችሁ ስትጽፉ ኤክሴል ዲሴምበር 3 ቀን 2016 ብሎ ያስቀምጠዋል፤ ትክክለኛው አቻ ኖቬምበር 22 ቀን 2023 ነበር። ጳጉሜን 5ን 5/13/2016 ብትሉ ሜይ 13 ይሆናል። 25/3/2016 ብትሉ ደግሞ 25ኛ ወር ስለሌለ ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ አንዱ ዓምድ ግማሹ የፈረንጅ ቀን፣ ግማሹ ጽሑፍ ይሆናል። ምልክቱ አሰላለፉ ነው፦ ቀን የሆኑት ወደ ቀኝ፣ ጽሑፍ የሆኑት ወደ ግራ ይጠጋሉ። የኢትዮጵያ ቀን በሦስት ዓምድ፣ ቀን፣ ወርና ዓመት ተብሎ ለየብቻ ይጻፍ፤ ካልሆነም ዓምዱ አስቀድሞ ጽሑፍ ይሁን።

የፈረንጅ ቀንም ቢሆን ኤክሴል ውስጥ ከ1900 መጀመሪያ አንስቶ የተቆጠረ ተራ ቁጥር ነው፤ ጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ማለት 45292 ነው። የተቀመጠውን ዋጋ የሚጽፍ መሣሪያ ይህንን ቁጥር ሊያወጣው ይችላል። በድሮ ማክ የተሠሩ ፋይሎች ከ1904 ስለሚቆጥሩ ቀኑ በ1,462 ቀን ከተዛባ ምክንያቱ እሱ ነው።

ሌሎቹን ባጭሩ እንለፋቸው። የፋይሉን ቅጥያ ከኤክስኤልኤስኤክስ ወደ ሲኤስቪ መለወጥ መቀየር አይደለም፤ ውስጡ ዚፕ ተደርጎ የታሸገ የኤክስኤምኤል ስብስብ ነው፣ ስሙ ስለተለወጠ አይፈታም። «ሁሉም ሺት ይወጣል» የሚባለው ሐሰት ነው፤ ኤክሴል የሚያወጣው ክፍት የሆነውን ሺት ብቻ ነው። «የደበቅኩት ዓምድ አይወጣም» የሚለው ግን ከሁሉ አደገኛው ነው፦ የተደበቀ ዓምድ ይወጣል፣ ደመወዝ ቢሆንም ይወጣል፤ እንዲቀር የተፈለገ ይሰረዝ። የተዋሃዱ ሴሎች ዋጋቸውን የሚይዘው የላይኛው ግራ ሴል ብቻ ስለሆነ የቀሩት ባዶ ይሆናሉ። ሴል ውስጥ ኮማ ወይም አዲስ መስመር ካለ ጽሑፉ በጥቅስ ይታጠራል እንጂ አይሰበርም፤ የሚሰበረው መስመርን በኮማ እየቆረጠ የሚያነብ በእጅ የተጻፈ ስክሪፕት ነው፤ የሲኤስቪ ማንበቢያ ላይብረሪ ተጠቀሙ።

«ስህተት ካላሳየ ሁሉም ገብቷል» የሚሉም አሉ። ኤክስኤልኤስ የሚባለው የድሮው የኤክሴል ፋይል ዓይነት በአንድ ሺት 65,536 ረድፍ ብቻ ይይዛል፣ አዲሱ 1,048,576። በ2020 በእንግሊዝ 15,841 የኮቪድ ተያዦች ከዕለታዊው ቆጠራ የቀሩት ከላቦራቶሪ የመጡ የጽሑፍ ፋይሎች ወደ ድሮው ኤክስኤልኤስ ሲገቡ ገደቡን ያለፉት ረድፎች ስለወደቁ ነው። ከእያንዳንዱ ቅየራ በኋላ ስክሪፕቱ የረድፉን ቁጥርና የአንድ የገንዘብ ዓምድ ድምር ከሁለቱም በኩል ያወዳድር፤ ካልገጠሙ ፋይሉ አይላክ።

የመጨረሻው «ሰርቨር ላይ ኤክሴል ጭኖ ሌሊት ሌሊት ማስቀየር ነው» የሚለው ነው። ኤክሴል ሰው ፊቱ ተቀምጦ እንዲሠራበት የተሠራ ፕሮግራም ነው፤ ማንም በሌለበት «ሊንኮቹ ይታደሱ?» ብሎ ይጠይቅና መልስ ሲጠብቅ ያድራል። ማይክሮሶፍት ራሱ ይህን አሠራር አይመክርም፣ ድጋፍም አይሰጥበትም። ሊብሬ ኦፊስ የሚባለውን ነጻ የቢሮ ፕሮግራም ያለ መስኮት ማስኬድ ይሻላል። ሲኤስቪ እንዲያወጣ በሚሰጠው ትእዛዝ ላይ የሚጻፉት የመጀመሪያ አራት ቁጥሮች 44፣ 34፣ 76 እና 1 ናቸው፦ 44 ኮማን፣ 34 ጥቅስን፣ 76 ዩቲኤፍ-8ን፣ 1 ከመጀመሪያው መስመር ጀምር ማለትን ያመለክታሉ። ከ7.2 እትም ወዲህ በ12ኛው ቦታ ላይ -1 ከተጻፈ እያንዳንዱ ሺት ለብቻው ፋይል ሆኖ ይወጣል። ሊብሬ ኦፊስም በነባሪው የሚጽፈው የሚታየውን መልክ መሆኑ አይረሳ፤ ከላይ ስለ ሂሳብ ቁጥር የተባለው ሁሉ እዚህም ይሠራል።

ትእዛዙ ተሰጥቶ ምንም ፋይል ሳይወጣ፣ ስህተትም ሳይታይ ከቀረ፣ ብዙ ጊዜ በዚያው ኮምፒውተር ላይ ሌላ ሊብሬ ኦፊስ ክፍት ሆኖ ነው፤ ለስክሪፕቱ የራሱን የፕሮፋይል ፎልደር ስጡት። ፎልደሩን የሚያስሰው ስክሪፕት ደግሞ ስማቸው በጠመዝማዛ ሰረዝና በዶላር ምልክት የሚጀምሩ ትንንሽ ፋይሎችን ይዝለል፤ እነሱ አንድ ሠራተኛ ፋይሉን ገና ከፍቶ እየሠራበት እንደሆነ የሚያሳዩ የኤክሴል መቆለፊያዎች ናቸው። መቆለፊያው ካለ ዋናውንም ፋይል አይንካው፤ ከ10 ደቂቃ በኋላ ይሞክር።