ማክቤዝን ማን አጠፋው? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ኦቴሎ»ን፣ «ሐምሌት»ንና «ማክቤዝ»ን ወደ አማርኛ ስለመለሰልን የማክቤዝ ስም ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ጨርሶ ያላነበበው ሰው እንኳ «ለሥልጣን ብሎ ንጉሡን የገደለው» ሲባል ያውቀዋል። የሚቆረቁረኝ ታሪኩ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ የሚደርስበት ነገር ነው። ጥፋቱ ቀስ እያለ ከማክቤዝ ትከሻ ይወርድና በሌላ ሰው ላይ ይጫናል፤ አንዴ በጠንቋዮቹ፣ አንዴ በሚስቱ፣ አንዴ በዕጣ ፈንታ ላይ። ዊልያም ሼክስፒር በ1606 እ.ኤ.አ. ገደማ የጻፈው ተውኔት ግን እንዲህ አይልም።

ላላነበቡት በአጭሩ፦ ማክቤዝ የስኮትላንድ ንጉሥ የደንከን ዘመድና የጦር አለቃ ነው። ከጦርነት ድል አድርጎ ሲመለስ ሦስት ጠንቋዮች መንገድ ላይ ያገኙትና ንጉሥ እንደሚሆን ይነግሩታል። ደንከን ቤቱ በእንግድነት ባደረበት ሌሊት፣ በተኛበት ይገድለዋል። ይነግሣል። ዙፋኑን ለማጽናት ወዳጁን ባንኮን፣ ቀጥሎም ከመኳንንቱ አንዱ የሆነውን የማክደፍን ሚስትና ልጆች ያስገድላል። በመጨረሻ የደንከን ልጅ ማልኮም ከእንግሊዝ ጦር ይዞ ይመጣበታል፤ ማክደፍ ገድሎት ራሱን ቆርጦ ለማልኮም ያቀርባል።

«ጠንቋዮቹ ናቸው ያሳሳቱት»

በጣም የተለመደው ይህ ነው። ጽሑፉን ቀስ ብሎ ላነበበ ሰው ግን ጠንቋዮቹ የተናገሩት ከሚታሰበው በጣም ያነሰ ነው። ሰላምታቸው ሦስት ነው፦ የግላሚስ ጌታ፣ የኮዶር ጌታ፣ ወደፊት ደግሞ ንጉሥ። ግላሚስን ማክቤዝ ቀድሞውኑ ከአባቱ ወርሷል። ኮዶርንም ንጉሡ ከዚያ በፊት ባለው ትዕይንት ሰጥቶታል፤ ማክቤዝ ገና አልሰማም እንጂ ተመልካቹ በጆሮው ሰምቷል። ከሦስቱ አዲስ የሆነው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን «ትነግሣለህ» ይላል እንጂ «ግደል» አይልም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ከጠንቋዮቹ አፍ ደንከንን ግደል የሚል አንድ ቃል አይወጣም።

ከአጠገቡ ባንኮ ቆሟል። ማክቤዝ ሰላምታውን ሲሰማ ክው ይላል፤ ባንኮም «እንዲህ ደስ የሚል ነገር ሰምተህ ምን ያስደነግጥሃል?» ይለዋል። ለእኔ የተውኔቱ ቁልፍ ያለው እዚህች ጥያቄ ላይ ነው። የምሥራች የሰማ ሰው የሚደነግጠው፣ የሰማው ነገር ልቡ ውስጥ ተደብቆ የቆየ ሐሳብ ሲሆን ነው። ባንኮም ዘሮቹ እንደሚነግሡ ተነግሮታል። እሱም ሰው ነውና ሐሳቡ ሌሊት ሌሊት ይመጣበታል፤ በእንቅልፍ ሰዓት የሚመጣበትን ያን ክፉ ሐሳብ እንዲያርቅለት ግን ይጸልያል። ሁለት ሰዎች አንድ ቦታ ቆመው ትንቢት ሰሙ፤ አንዱ ጸለየ፣ አንዱ ጩቤ አነሳ። ማክቤዝ ራሱ ለአፍታ «ዕድል ሊያነግሠኝ ከፈለገ፣ እኔ ሳልነቃነቅ ዘውዱን ይድፋልኝ» ብሎ ነበር። ይህን የተናገረ ሰው ሌላ መንገድ አልታየውም ማለት አይቻልም።

«ሚስቱ ናት ያስገደለችው»

«ሴት የላከው ሞት አይፈራም» የሚለው ተረታችን ለዚህ አመለካከት መደላድል ሆኖታል። እመቤት ማክቤዝ ንጹሕ ናት አልልም። ባሏ «ይህን ነገር ከዚህ በላይ አንገፋበትም» ሲላት ወኔውን እየነካች፣ ወንድነቱን እየጠየቀች የገፋፋችው እሷ ናት። እንዲህ ብዬ ምዬ ቢሆን ኖሮ የማጠባውን ልጅ እየሳቀልኝ ከጡቴ ነጥዬ ጭንቅላቱን እፈጠፍጠው ነበር ያለችውም እሷ ናት።

ነገር ግን በዚያው ንግግር መሀል ሰው ሁሉ የሚያልፈው ሐረግ አለ። «ታዲያ መጀመሪያ ይህን ነገር ያነሳህልኝ አንተ አይደለህም ወይ? ያኔ ጊዜውም ቦታውም አልተመቸም ነበር፤ አንተ ግን ልታመቻቸው ፈልገህ ነበር» ትለዋለች። እሱም አይክድም። ገፋፊ ሆነች እንጂ ጀማሪ አልነበረችም ማለት ነው። ጩቤዎቹን አዘጋጅታ ካስቀመጠች በኋላ ደግሞ ንጉሡ ተኝቶ ስታየው አባቷን መሰላትና ራሷ ልትገድለው አልቻለችም።

ከዚያ በኋላ የሚሆነው ክሱን ፈጽሞ ይገለብጠዋል። ማክቤዝ ባንኮን ለማስገደል ሲያስብ አያማክራትም። «ሆዴ፣ ነገሩ እስኪፈጸም ባታውቂው ይሻላል» ይላታል። ስለ ማክደፍ ሚስትና ልጆችም ከእሷ ጋር ሲመክር አናይም። ሚስቱ የተሳተፈችበት ግድያ አንድ ነው፤ የቀረውን ሁሉ ብቻውን ሄዶበታል። በግብሩ ላይ የባንኮ መንፈስ ወንበሩ ላይ ተቀምጦበት ሲጮህ፣ መንፈሱ ለማንም ስለማይታይ፣ «ከልጅነቱ ጀምሮ የሚነሳበት ነገር ነው፣ ተቀመጡ» እያለች እንግዶቹን የምታረጋጋው እሷ ናት።

በአምስተኛው ገቢር መጀመሪያ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ እናያታለን። ሌሊት ነው። ተኝታ ትሄዳለች፤ በእጇ መብራት ይዛለች። ሐኪሙ መብራቱን ከየት አመጣችው ብሎ ሲጠይቅ፣ ደንገጡሯ ሁልጊዜ አጠገቧ መብራት እንዲኖር ትእዛዟ መሆኑን ትነግረዋለች። ቢላዋዬ የሚያቆስለውን እንዳያይ ድቅድቅ ጨለማ ይምጣ ብላ የጠራችው ሴት አሁን ያለ መብራት ማደር አትችልም። እጇን ታሻለች፣ ታሻለች፤ የደሙ ሽታ አልለቅ ብሏታል። የዐረብ አገር ሽቶ ሁሉ ይህችን ትንሽ እጅ አያሸታትም ትላለች። ሐኪሙም የሚያስፈልጋት ሐኪም ሳይሆን ካህን ነው ብሎ ይሄዳል። ይህን ትዕይንት አንብቦ «ሴትየዋ ናት» ብሎ መጽሐፉን የሚዘጋ ሰው ምን እንዳነበበ አይገባኝም።

«ከመጀመሪያውም ጨካኝ ነበር»

ቢሆን ኖሮ ተውኔቱ ትራጄዲ አይሆንም ነበር። ሚስቱ ስትፈራለት የነበረው ርኅራኄው ስለበዛ ነው። ግድያው ሊፈጸም ጥቂት ሲቀረው ማክቤዝ ከራት ገበታው ተነሥቶ ብቻውን ይቆምና ራሱን ይሞግታል። ዘመዱ ነኝ፤ አገልጋዩ ነኝ፤ ከዚህ ሁሉ በላይ የቤቱ ባለቤት ነኝ፣ በሩን በገዳዩ ላይ መዝጋት ሲገባኝ ቢላዋውን እኔው ራሴ ልይዝ ነው ወይ ይላል። እንግዳ ማሳደር ምን እንደሆነ ለሚያውቅ የእኛ አገር ሰው የዚህን ንግግር ክብደት ማስረዳት አያስፈልግም። ለሌላው ያቀመሱት መርዝ ወደ ራስ አፍ እንደሚመለስም ይናገራል፤ በሰፈሩት ቁና መሰፈር እንደማይቀር ከመስፈሩ በፊት ያውቃል ማለት ነው። በመጨረሻም የሚገፋኝ ምክንያት የለኝም፣ ያለኝ ከልኩ በላይ የሚዘልል ምኞት ብቻ ነው ብሎ ራሱ ይመሰክራል።

አሪስቶትል ለትራጄዲ የሚስማማው ሰው ፍጹም ደግም ፍጹም ክፉም ያልሆነ፣ በ«ሐማርቲያ» የሚወድቅ ነው ይላል። ቃሉ በግሪኩ አዲስ ኪዳን «ኃጢአት» ማለት ስለሆነ ብዙዎች እዚህም እንደዚያ ይተረጉሙታል፤ በአሪስቶትል ዘንድ ግን ትርጉሙ ወደ ስሕተት፣ ዒላማ ወደ መሳት ያደላል። ማክቤዝ ላይ ስንደርስ ይህም ይጠብባል። ሳያውቅ የተሳሳተ ሰው አይደለም። እያወቀ ገባበት።

ደንከንን ገድሎ ሲወጣ ደግሞ የሚያስጨንቀው ዘበኛ ወይም ምስክር አይደለም። ከጎን ባለው ክፍል ከተኙት አንዱ ባንኖ «እግዚአብሔር ይባርከን» ሲል ሰምቷል፤ ሌላኛው «አሜን» አለ፤ ማክቤዝ ግን «አሜን» ማለት አቃተው። ቃሉ ጉሮሮው ላይ ተጣበቀበት። እጁ በደም ተነክሮ፣ ሚስቱ ፊት ቆሞ፣ ለምን አሜን ማለት አልቻልኩም እያለ ይጠይቃል። ከልጅነቱ ጀምሮ ጨካኝ የነበረ ሰው ይህን አይጠይቅም።

«ደንከን ሞኝ ስለሆነ ነው የተከዳው»

ክህደትን በተካዱት ላይ ማላከክ የቆየ ልማድ ነው። ደንከን ስለ ከሐዲው የቀድሞ የኮዶር ጌታ ሲናገር የሰውን ልብ ከፊቱ የሚያነብ ጥበብ የለም፣ ፍጹም አምኜው ነበር ይላል። ገና ተናግሮ ሳይጨርስ አዲሱ የኮዶር ጌታ ማክቤዝ በበሩ ይገባል፤ ንጉሡም እጁን ዘርግቶ ይቀበለዋል። ተመልካቹ ያውቃል፣ እሱ አያውቅም። የጌታው ስህተት ማመኑ ነው ካልን የበላበትን ወጪት ሰባሪው ነጻ ሊወጣ ነው።

«ትንቢቱ ዋሸው»

ማክቤዝ ለሁለተኛ ጊዜ ጠንቋዮቹ ዘንድ ሲሄድ፣ ከሴት የተወለደ አይጎዳህም፣ የበርናም ጫካ ወደ ደንሲናን ኮረብታ ካልመጣ አትሸነፍም ይባላል። ሁለቱም አልዋሹም። ወታደሮቹ ብዛታቸው እንዳይታወቅ ከበርናም ቅርንጫፍ እየቆረጡ ተሸክመው መጡ፤ ጫካው ተንቀሳቀሰ። ማክደፍም ከእናቱ ማህፀን ያለ ጊዜው በምላጭ የወጣ ነው።

ለእኛ ይህን ለማስረዳት ቅኔ ይበቃል። ትንቢቱ ሰምና ወርቅ ነበር፤ ማክቤዝ ሰሙን ይዞ ተኛ፣ ወርቁ ግን ሌላ ነበር። በሼክስፒር ዘመን ነገሩ የፖለቲካም ጉዳይ ነበር። በኅዳር 1605 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝን ንጉሥ ጄምስን ከነፓርላማው በባሩድ ለማፈንዳት የታሰበው ሴራ ከከሸፈ በኋላ፣ ቄስ ሄንሪ ጋርኔት በ1606 ሲከሰስ ስሙ በሁለት ትርጉም ከሚናገር፣ ሳይዋሽ ከሚያታልል አነጋገር ጋር ተያይዞ ተነሣ። የማክቤዝ በረኛ በዚያ የግድያ ማለዳ የገሃነም በረኛ ነኝ እያለ ሲቀልድ፣ «ሁለት ምላስ» ያለውን ሰው ወደ ገሃነም ሲያስገባ የዘመኑ ተመልካች ማንን እንደሚነካ አያጣውም።

«አምባገነን ሁሉ ይፈሩታል እንጂ አይፈራም»

በየባለሟሎቹ ቤት ገንዘብ የሚከፍለው አንድ አሽከር እንዳለው ማክቤዝ ራሱ ይናገራል። አንድም ቤት አልቀረም። ይህ የጠነከረ ሰው አነጋገር ነው? እንቅልፍ የራቀው፣ የሞተውን ደንከንን በሰላም ተኝቷል ብሎ የሚቀናበት ንጉሥ ነው። በደም ውስጥ በጣም ርቄ ስለገባሁ መመለሱም ከመሻገሩ እኩል አድካሚ ነው ይላል፤ ስለዚህ ይቀጥላል።

መኳንንቱ አንድ በአንድ ይከዱታል። ከእነሱ አንዱ፣ ንግሥናው እንደ ግዙፍ ሰው ካባ በድንክ ሌባ ላይ ተንጠልጥሏል ይላል። ማልኮምም ስሙን መጥራት ብቻ ምላስ ያቆስላል ይላል። በመጨረሻው ጦርነት ደግሞ የራሱ ወታደሮች ጠላትን ሆን ብለው እየሳቱ ይመታሉ፤ ቤተ መንግሥቱ ያለ ብዙ ውጊያ ተከፈተ። በክህደት ዙፋን የያዘው ሰው ሲያዝዝ ይታዘዙታል እንጂ የሚወደው ሰው አልቀረለትም፤ በእርጅና ዘመኔ ሊኖረኝ የሚገባው ክብር፣ ፍቅርና የወዳጅ ብዛት ቀረብኝ፣ በምትኩ ጮኸው የማይናገሩት ከልብ የመነጨ እርግማን ተረፈኝ ሲል ልቤ ይሰበራል። እንዲያ የሚታዘንለት ገዳይ መሆኑ ነው የሼክስፒር ጥበብ።

«እውነተኛ ታሪክ ነው»

በከፊል። እውነተኛው ማክቤዝ ከ1040 እስከ 1057 እ.ኤ.አ. ስኮትላንድን 17 ዓመት ገዝቷል። ደንከንም ሽማግሌ ሳይሆን ወጣት ንጉሥ ነበር፤ የሞተውም በአልጋው ላይ ሳይሆን በውጊያ ነው። ማክቤዝ በ1050 ወደ ሮም ተሳልሞ ለድሆች ገንዘብ እንደ ዘር መበተኑ ተጽፏል። ዙፋኑ ዘወትር በደም ለሚናወጥበት ሰው ያን ያህል ርቆ መሄድ አይታሰብም። ሼክስፒር የተመረኮዘበት የሆሊንሼድ ዜና መዋዕል ውስጥ ባንኮ የግድያው ተባባሪ ነው፤ ንጉሥ ጄምስ ግን ከባንኮ ዘር ነኝ ይል ስለነበር በመድረኩ ላይ ባንኮ ንጹሕ ሆነ። ባንኮ የሚባል ሰው በታሪክ መኖሩን የሚያሳይ ማስረጃም የለም።

«ተውኔቱ የተረገመ ነው»

በመጀመሪያው ቀን እመቤት ማክቤዝን የሚጫወተው ልጅ ሞተ የሚባለው ወሬ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ማክስ ቢርቦም የተባለ ጸሐፊ የፈጠረው ነው። በ1849 በኒው ዮርክ አስተር ፕሌስ «ማክቤዝ» ሲታይ ተነሥቶ ከ20 በላይ ሰው የሞተበት ረብሻ ግን እውነት ነው፤ ምክንያቱ የሁለት ተዋንያን ፉክክርና የደጋፊዎቻቸው ጥላቻ እንጂ እርግማን አይደለም።

«አምባገነኑ ሲወድቅ ሁሉም ይስተካከላል»

ማልኮም ይነግሣል፤ የተዋጉለትን በአዲስ ማዕረግ ይሸልማል። በተውኔቱ መጀመሪያም አንድ ንጉሥ ከድል በኋላ እንዲሁ ማዕረግ ሰጥቶ ነበር፤ የተሸለመውም ማክቤዝ ነበር። የማልኮም ወንድም ዶናልቤን በመጨረሻው ድል ላይ የለም። የባንኮ ዘሮች ይነግሣሉ የተባለውም ገና አልተፈጸመም። አባቱ በተገደለበት ሌሊት ችቦው ሲጠፋ በጨለማው ያመለጠው የባንኮ ልጅ ፍሊያንስ የት እንደደረሰ በመድረኩ ላይ ማንም አይጠይቅም።