ላብህ የፈሰሰበት ጠመንጃ፦ ስለ ጌም ሪወርክ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አራት ኪሎ ማኪያቶ ይዘን በተቀመጥን ቁጥር የሚነሳ ክርክር አለ። አራት ጓደኛሞች ነን፤ ሁለቱ የፒያሳ፣ አንዱ የካዛንቺስ ልጅ፣ እኔ የሜክሲኮ። ማታ ማታ ኦንላይን ሉት ሹተር እንጫወታለን። ለማያውቀው፣ እየተኮሱ መሣሪያና ትጥቅ የሚለቅሙበት፣ በለቀሙት ልክ የሚጠነክሩበት ጌም ነው። ክርክሩ የሚጦፈው ሠሪዎቹ በአፕዴት መሣሪያውን ወይም የገጸ ባሕሪውን ችሎታ እንደ አዲስ ሲቀይሩት ነው። ሪወርክ የሚባለው ይህ ነው።

«ተጫዋች የሚጮኸው መሣሪያው ስለደከመበት ብቻ ነው»

አይደለም። ሰው የሚያዝነው ላጠፋው ጊዜ ነው። ዴስቲኒ 2 በተባለው ሉት ሹተር ላይ ማውንቴንቶፕ የሚባል ቦምብ ማስወንጨፊያ ነበር። እሱን ለማግኘት ተጫዋች ከተጫዋች በሚጋጠምበት ከባድ ውድድር ብዙ መልፋት ይጠይቅ ነበር። አንዱ ጓደኛዬ ያገኘው ዕለት ሌሊት 9 ሰዓት ደውሎ ቀሰቀሰኝ። በፈረንጆቹ ኅዳር 2020 ቢዮንድ ላይት የተባለው ማስፋፊያ ሲወጣ ማውንቴንቶፕ ከካዝናው አልተወሰደበትም። ግን ኃይሉ ከ1060 እንዳያልፍ ተገደበ። የጌሙ የኃይል ጣሪያ ደግሞ 1260 ደረሰ። ከባድ ቦታ ይዞት ቢገባ ዋጋ የለውም። አለው፣ ግን የለውም።

ሠሪው ቡንጂ በየካቲት 2021 ይህን አሠራር እንደሚያቆም አስታወቀ። ማውንቴንቶፕም በ2024 ተመለሰ፤ ግን እንደ አዲስ ለፍቶ ማግኘት ግድ ነበር። ጓደኛዬ አልሞከረውም።

«አሮጌው ካልተሻረ አዲሱን ማን ይፈልጋል?»

ይህ ትንሽ እውነት አለው። ካዝናው በምርጥ መሣሪያ የሞላ ሰው አዲስ ነገር አያጓጓውም። ግን ዛሬ የለፋሁበት ነገ እንደሚሻር ካወቅኩ፣ አዲሱንስ ለምን ብዬ ልልፋበት? ሠሪዎቹ ብዙ ጊዜ የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። አሮጌውን ሲሽሩ የአዲሱንም ዋጋ አብረው ያወርዱታል። ሰው አዲስ መሣሪያ የሚያሳድደው የተለየ ነገር ሲሠራለት ነው።

«ማቅለል ሁሌም ይጠቅማል»

ዴስቲኒ 2 በመስከረም 2017 ሲጀምር አሠራሩ ቀልሎ፣ አንድ መሣሪያ ስንት ጊዜ ቢገኝ ባሕርይው ያው አንድ ዓይነት ነበር። አንዴ ካገኘኸው ሁለተኛው ምንም አይጠቅምህም። በዓመቱ ፎርሴክን የተባለው ማስፋፊያ ሲመጣ፣ ያው መሣሪያ በተገኘ ቁጥር ባሕርይው በዕድል የሚለያይበት አሠራር ተመለሰ።

«ችሎታን ማዳከም ሚዛን ያመጣል»

እርስ በርስ ስንጋጠም ሚዛን የግድ ነው። አንድ ሰው በአንድ ጠመንጃ ሁሉንም ከጨረሰ ጨዋታው ይበላሻል። ግን በቡድን ሆነን ኮምፒውተሩን ስንገጥም የእኔ ጥንካሬ ማንን ይጎዳል?

ሌላም ነገር አለ። የአንድ ተጫዋች ቢልድ፣ ማለትም የመረጠው የመሣሪያ፣ የትጥቅና የችሎታ ቅንብር፣ የተያያዘ ነው። ጓንቱ ቦምቡን ቶሎ ይሞላል፣ ቦምቡ ጤና ይመልሳል፣ የተመለሰው ጤና ከፊት ያቆምሃል። ቦምቡ በ30 ሰከንድ ይሞላ የነበረው ደቂቃ ይፍጅ ከተባለ፣ የሚወድቀው ቦምቡ ብቻ አይደለም። የካዛንቺሱ ልጅ ሁሌም እኛን የሚያድን ገጸ ባሕሪ ይይዝ ነበር። በአንድ አፕዴት ችሎታው ሲቀየር ሁለት ማታ ዝም ብሎ ተጫወተ፣ በሦስተኛው አልገባም። እሱ ሲቀር ቡድናችን ተበተነ። ቁጥሩን ሲቀይሩ ይህን አያዩትም ብዬ እፈራለሁ።

ሄልዳይቨርስ 2 ንጹህ ሉት ሹተር ባይሆንም በ2024 ተመሳሳይ ነገር ገጥሞታል። መሣሪያዎች በተደጋጋሚ ሲዳከሙ ተጫዋቹ ተማረረ። ሠሪው አሮውሄድ የ60 ቀን የማሻሻያ ዕቅድ አወጣ፣ በመስከረምም ብዙ መሣሪያዎችን መልሶ አጠነከረ።

«ሪወርክ ሁሉ ጌም ይገድላል»

ይህም ልክ አይደለም። ዘ ዲቪዥን የተባለው ሉት ሹተር በ2016 ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ ተጫዋች እየሸሸው ነበር። ጠላቱ ጥይት ቢዘንብበትም አይወድቅም። ሠሪው ማሲቭ ለአፕዴት 1.4 ሲዘጋጅ ተጫዋቾችን ስዊድን ማልሞ ወዳለው ስቱዲዮው ጠራ። ለውጡንም አስቀድሞ በኮምፒውተር ለሚጫወቱ ሰዎች በተከፈተ የሙከራ ሰርቨር ላይ አስሞከረ። በጥቅምት ሲለቀቅ ጠላቶቹ በተመጣጣኝ ጥይት ይወድቁ ጀመር፣ ትተውት የሄዱ ብዙዎችም ተመለሱ። የካዛንቺሱ ልጅ ዛሬም ይህን ሲሰማ «እኛንስ ማን ጠየቀን?» ይላል።