«ብዙ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይገባቸዋል» እና ሌሎች ስለ ክፍል አኒሜሽን የተሳሳቱ አመለካከቶች

መምህራን ለክፍላቸው ቀላል ተንቀሳቃሽ ሥዕል መሥራት እንዲችሉ አሠለጥናለሁ። ሁሌም የሚገጥመኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ «የበለጠ እንዲንቀሳቀስ ምን ላድርግ?» እንዴት ላቁመው ብሎ የጠየቀኝ ሰው ትዝ አይለኝም። እሱን እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ትንንሾቹን እንገላገላቸው።

«ሥዕል አልችልም።» ክብና መስመር ማስመር ከቻላችሁ ይበቃል። አንድ ክብ ወደ በር ሲጠጋ፣ ድንገት ሲቆም፣ ከዚያ ወደ ኋላ ሲሸሽ ያየ ልጅ «ፈራ!» ይላል። ክቡ ፊት እንኳ የለውም።

«ውድ ሶፍትዌር ያስፈልጋል።» ጊምፕና ክሪታ የተባሉት የሥዕል ፕሮግራሞች፣ አኒሜሽን የሚሠራበት ስክራችም፣ ሁሉም ነጻ ናቸው። ሰበብ ከፈለጋችሁ ሌላ ፈልጉ።

«በሰከንድ 24 ፍሬም ከሌለው አኒሜሽን አይባልም።» ፍሬም ማለት ተከታትለው ከሚታዩት ምስሎች አንዱ ነው፤ 24 ደግሞ የሲኒማ ቁጥር ነው። በእጅ የሚሳሉ ፊልሞች ራሳቸው አንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም እያቆዩ ብዙ ጊዜ በሰከንድ 12 ሥዕል ይሄዳሉ። ለአንድ አጭር ተረት ወይም ለአንድ የሳይንስ ሂደት በጠቅላላው ከ4 እስከ 8 ሥዕል በቂ ነው።

አሁን ወደ ዋናው። «ብዙ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ልጆቹ ይገባቸዋል።» እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል።

አንዲት መምህርት የዘር አበቃቀል የሚያሳይ ጂፍ (ሥዕሎችን አከታትሎ የሚያሳይ የምስል ፋይል፣ GIF) ሠርታ አመጣች። ብዙ እንደደከመችበት ያስታውቃል። ዘሩ ይበቅላል። ግን ፀሐይዋም ትሽከረከራለች፣ ደመናው ይንሳፈፋል፣ ሣሩ ይወዛወዛል፣ ቢራቢሮ ከዳር እስከ ዳር ትበራለች። ልጆቹን ምን አያችሁ ስትላቸው በአንድ ድምፅ «ቢራቢሮ!» አሉ። መጀመሪያ የወጣው ሥሩ ነው ቅጠሉ? ዝም። አንዱ ደግሞ ተክሉ «ተመልሶ ዘሩ ውስጥ ገባ» አለ። እውነቱን ነው! ጂፉ መጨረሻው ላይ ሳይቆም ወዲያው ከመጀመሪያው ስለሚጀምር፣ ያየው እሱን ነው።

ልጆቹ ላይ አትፍረዱ። ዓይን የሚንቀሳቀስ ነገር ይከተላል። የቆመ ሥዕል ላይ ያመለጣቸውን ተመልሰው ያዩታል፤ የሚንቀሳቀሰው ግን አይጠብቃቸውም። ያለፈውን በጭንቅላታቸው ይዘው አዲሱን መከታተል አለባቸው። ይህ የእኔ ብቻ አባባል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ባርባራ ትቨርስኪ ከሁለት ባልደረቦቿ ጋር አኒሜሽንን ከቆመ ሥዕል ጋር ያነጻጸሩ ጥናቶችን ስትመረምር፣ አኒሜሽኑ በልጧል ከተባለባቸው ውስጥ ብዙዎቹ ላይ የቆመው ሥዕል የሌለው ተጨማሪ መረጃ ነበረበት። ብልጫው ከእንቅስቃሴው ነው ለማለት አያስደፍርም።

ስለዚህ የዘሩን ሥዕል እንዲህ ሥሩት። አምስት ፍሬም፤ ደረቁ ዘር፣ አብጦ ልጣጩ የተሰነጠቀው፣ ሥሩ ወደ ታች የወጣው፣ ጎንበስ ያለው ቡቃያ፣ ቅጠሉ የተዘረጋው። ከዘሩ ሌላ ምንም ነገር አይንቀሳቀስ። ሁለት ነገር መንቀሳቀስ ካለበት ተራ በተራ ይሁን። ከዚያ ቆይታውን አበላልጡት፤ ሥሩ የወጣበት 2 ሰከንድ፣ የመጨረሻው 3 ሰከንድ፣ ሌሎቹ አንድ አንድ። ጊምፕ ላይ እያንዳንዱ ላየር (አንዱ በሌላው ላይ የሚነባበር የሥዕል ገጽ) አንድ ፍሬም ይሆናል፤ ከታች ያለው ቀድሞ ይታያል። ፋይሉን ስታወጡ ለሁሉም ፍሬም አንድ ዓይነት ቆይታ ስጥ የሚለውን ምርጫ አትንኩት፤ ከነካችሁት ልፋታችሁ ሁሉ ገደል ገባ። ያለማቋረጥ ይደጋገም የሚለውንም አጥፉት። ልጆቹ እንደገና ማየት ከፈለጉ እናንተው ትከፍቱላቸዋላችሁ፤ በመሃል ለመጠየቅም ጊዜ ታገኛላችሁ።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ እንለፋቸው። ጂፍ ድምፅ አይዝም፤ ተራኪው እናንተ ናችሁ። አንድ ፍሬም ከ256 በላይ ቀለም አይይዝም፤ ፎቶ ስታስገቡበት የሚዥጎረጎረው ለዚህ ነው፣ ደማቅና ወጥ ቀለም ተጠቀሙ። «ብልጭ ድርግም ሲል ትኩረት ይስባል» የሚለውን ግን በቀልድ አልወስደውም። በሰከንድ ከ3 ጊዜ በላይ ብልጭ ድርግም የሚል ምስል ለብርሃን ስሱ የሆነ የሚጥል በሽታ ያለበትን ልጅ ሊጥለው ይችላል። የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያዎችም የሚከለክሉት ለዚህ ነው።

«ወረቀት ላይ ምን ይሠራል?» የሚሉኝም አሉ። ጂፉን እንዳለ ብታትሙት አንድ ፍሬም ብቻ ነው የሚወጣው። አምስቱን ለየብቻ አትሙ፣ ቆራርጡ፣ ደባልቁና ልጆቹ በቅደም ተከተል ይደርድሯቸው። ብዙ ልጆች ሥሩን ከቅጠሉ በኋላ ካስቀመጡት ሦስተኛው ፍሬም ቆይታ አንሶታል፤ አንድ ሰከንድ ጨምሩለት።