ጉዝጓዝ ምንድን ነው? ለሰኔ ጓሮስ ምን ይጠቅማል?

ቡና ሊፈላ ሲል ቄጠማ እንጎዘጉዛለን። የጓሮ ጉዝጓዝም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሣር፣ ጭድ ወይም ደረቅ ቅጠል ወስዶ በአትክልቱ መካከል ባዶ የቀረውን አፈር ማልበስ ነው። አይቆፈርም፣ ከአፈሩ ጋር አይቀላቀልም። ላዩ ላይ ይተኛል፤ ቀስ እያለም ራሱ ይበሰብሳል።

ፐርማካልቸር በሚባለው፣ የተፈጥሮን አካሄድ በሚከተለው የአተካከል ዘዴ ጉዝጓዝ ትልቅ ቦታ አለው። ስሙን በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያወጡት ቢል ሞሊሰን እና ዴቪድ ሆልምግሬን አውስትራሊያ ውስጥ ነው። ሥራው ግን ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። የጌዴኦ ሰው እንሰትን፣ ቡናንና ትልልቅ ዛፎችን አደራርቦ ሲያበቅል ኖሯል። መልክዓ ምድሩም በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እዚያ ከዛፉ የሚረግፈው ቅጠል ራሱ ጉዝጓዝ ነው።

አሁን ወደ ሰፈራችን ልምጣ። የውጭ መጻሕፍትና ቪዲዮዎች ሰኔ ሲገባ አፈሩን በወፍራሙ ሸፍኑ ይላሉ። ለእነሱ ሰኔ የፀሐይ መግቢያ ነው፤ ጉዝጓዙ እርጥበት እንዳይተን ይይዝላቸዋል። ለገጣፎ፣ ሰንዳፋ፣ ሱሉልታ ወይም ሰበታ ለምንኖር ግን ሰኔ የክረምት በር ነው። ውሃ አይጎድለንም። የእኛ ችግር የውሃው ዱላ ነው።

ከባድ ጠብታ ራቁቱን ያለ አፈር ሲመታ ይበትነዋል። ደቃቁ ብናኝ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። ትንሽ ፀሐይ ሲወጣ ላዩ ቅርፊት ይሠራል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ዝናብ አይሰርግም፤ አፈሩን ይዞ ይሄዳል። ሐምሌ ላይ በየመንገዱ የሚወርደውን ቡናማ ጎርፍ ሳይ ሆዴን ይበላኛል። የሰው ጓሮ ነው እኮ የሚሄደው! ጉዝጓዝ ካለ ጠብታው መጀመሪያ ሣሩ ላይ ያርፋል፣ ጉልበቱ ይሰበራል፣ ቀስ ብሎም ወደ ታች ይሰርጋል።

ስለዚህ በሰኔ ጉዝጓዝ ስስ ይሁን፤ ሁለት ጣት ያህል ይበቃል። በተለይ አፈራችሁ ዋልካ፣ ማለትም ጥቁር ሸክላማ አፈር ከሆነ ተጠንቀቁ። ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ቶሎም አይለቅም። ከላይ ወፍራም ነገር ሲደረብበት ሥሩ አየር ያጣል። አንድ ክረምት ስንዝር የሚያህል ጭድ ከመርኩበት መደብ ላይ ቆስጣዬን ቀንድ አውጣ ጨረሰው። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ መደቡን ከፍ አደርጋለሁ፣ በጎንና በጎኑ ቦይ አወጣለሁ፤ ጉዝጓዙ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ሁሉም ተክል ደግሞ አንድ አይደለም። የጎመን ችግኝ በተተከለበት ዕለት ዙሪያውን መጎዝጎዝ ይቻላል። ካሮትና ቆስጣ በዘር ከተዘሩ ግን በቅለው ጣት እስኪያህሉ ጠብቁ፤ አለበለዚያ ቡቃያው ታፍኖ ይቀራል። ድንቹን መጀመሪያ አፈር አስታቅፉት። በሰኔ የምትተክሉት ጌሾ ወይም ኮክ ካለ ጉዝጓዙን እንደ ቀለበት አዙሩለት፤ ግንዱን ከነካ ያበሰብሰዋል። ጦስኝና የጥብስ ቅጠል እግራቸው ሲረጥብ አይወዱም፣ በክረምት ባይለብሱ ይሻላል።

በምን እንጎዝጉዝ? የጤፍ ጭድ ጥሩ ነው፤ ግን ለከብት መኖም ለጭቃ ቤት ምርጊትም ስለሚፈለግ ይወደዳል። ደረቅ ሣር፣ የተከተፈ የበቆሎ አገዳ፣ የግራዋ ቅጠል ሁሉ ይሠራል። ሣሩ ዘር ሳይዝ ይታጨድ። ሰርዶ እርጥቡን ከተነጠፈ በየአንጓው ሥር ይሰዳል፤ በደንብ አድርቁት። የባሕር ዛፍ ቅጠል በየቦታው በነፃ ቢገኝም ለአትክልት መደብ አልመክርም። ውስጡ ያለው ነገር የሌላውን ዘር ብቅለት ይይዛል።

መስከረም ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ዝናቡ ሊያባራ ሲል፣ አፈሩ ገና እንደረጠበ፣ ጉዝጓዙን ወደ አራት ጣት ከፍ አድርጉት። ያኔ እርጥበት የመያዝ ተራው ይደርሳል። እኔ የእንቁጣጣሽን ቄጠማ አልጥልም። በማግስቱ ማዳበሪያ ከረጢት ይዤ የጎረቤቶቼንም እለምናለሁ፤ ላስቲክና የከረሜላ ልጣጩን ለቅሜ ጎመኑ ሥር አነጥፈዋለሁ።