ሳራያማ፦ የኦንታ ሸክላ መንደር

ኦንታ የሚባለው ሸክላ የሚሠራው ከጃፓን ዋና ዋና ደሴቶች ደቡባዊ በሆነችው በክዩሹ፣ በኦይታ ግዛት፣ በሂታ ከተማ ሥር በምትገኝ አንዲት የተራራ መንደር ነው። መንደሯ ሳራያማ ትባላለች፤ “የሳህን ተራራ” ማለት ነው። ሙያውን የያዙት ቤተሰቦች አስር ቢሞሉ ነው። ከአባት ወደ ልጅ ያወርሱታል እንጂ ከውጭ ደቀ መዝሙር አይቀበሉም።

ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1705 ሲሆን፣ ሙያውን ያመጣው ከተራራው ማዶ ካለችው ከኮኢሺዋራ የመጣ ሸክላ ሠሪ ነው። ቀድሞ ከእቶኑ የሚወጣው ለአካባቢው ገበሬ የሚሆን ጋን፣ ማሰሮና የአትክልት ማቆያ እንስራ ነበር። ዛሬ በብዛት የሚወጣው ሳህን፣ የሻይ ኩባያና የሩዝ ጎድጓዳ ነው።

የሩዝ ጎድጓዳው ነገር ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። በጃፓን ገበታ ላይ ጎድጓዳው ተቀምጦ አይበላበትም፤ በግራ እጅ ተነሥቶ ወደ አፍ ይጠጋል። ስለዚህ ዕቃውን የሚመዝነው ከዓይን ይልቅ እጅ ነው፤ አይከብድም ወይ፣ ከንፈሩ ለአፍ ይመቻል ወይ፣ ትኩስ ሩዝ ሲሞላ ጣት የሚያርፍበት የታችኛው ቀለበት በቂ ከፍታ አለው ወይ? ስሙ “ቻዋን” ነው፤ ቃሉ የሻይ ዕቃ ማለት ቢሆንም በየቤቱ የሚጠሩበት ሩዝ የሚበሉበትን ነው። በብዙ ቤት እያንዳንዱ ሰው የራሱ ጎድጓዳ አለው። ለባልና ሚስት በጥንድ የሚሸጠው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚስቲቱ አነስ ያለ ነው፤ ሩዙን ማን ሲቀቅል እንደኖረ ለሚያስብ ሰው አከፋፈሉ ትንሽ ያጠያይቃል።

ሳራያማ የሚገባ እንግዳ ሸክላውን ከማየቱ በፊት ድምፁን ይሰማል። አፈሩ ከዚያው ተራራ ይቆፈራል፤ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ስለሆነ መወቀጥ አለበት። የሚወቅጠው ጅረቱ ነው። “ካራኡሱ” የሚባለው መሣሪያ መሐሉ ላይ የተደገፈ ረጅም ግንድ ሲሆን፣ አንዱ ጫፉ እንደ ጭልፋ ተቦርቡሯል፣ በሌላው ጫፍ ዘነዘና ተተክሏል። ውሃው ጭልፋውን ሲሞላው ግንዱ ያዘነብላል፣ ውሃው ይፈስሳል፣ ዘነዘናው ተመልሶ አፈሩ ላይ ይወድቃል። ሌት ተቀን እንዲህ ነው። አፈሩ እስኪልም ከሃያ እስከ ሰላሳ ቀን ይወስዳል፤ ከዚያ በውሃ ተበጥብጦ ይጣራል፣ ይዘቅጣል፣ ይደርቃል። የመንደሯ የምርት መጠን በጅረቱ ጉልበት የተወሰነ ነው፤ ገዢ ስለበዛ ጭቃ አይበዛም። ይህ ድምፅ እ.ኤ.አ. በ1996 የጃፓን መንግሥት ሊጠበቁ ይገባል ብሎ ከመረጣቸው 100 የአገሪቱ ድምፆች አንዱ ሆኗል።

ጭቃው ብረት ስላለበት ሲቃጠል ይጠቁራል፤ ስለዚህ ዕቃው ነጭ በሆነ ቀጭን የጭቃ ውሃ ይቀባል። የኦንታ መልክ የሚወለደው እዚህ ላይ ነው። ሠሪው በእግሩ እየገፋ በሚያዞረው መንኮራኩር ላይ ገና ያልደረቀውን ሳህን አስቀምጦ፣ እንደ ምንጭ የሚለጠጥ ቀጭን ብረት ያስጠጋል። ብረቱ እየዘለለ ነጩን በትንንሹ ይቦጭቀዋል፤ ከሥሩ ጥቁሩ ብቅ እያለ ሳህኑ ዙሪያውን በመስመር በተደረደሩ ጭረቶች ይሞላል። “ቶቢካና” ይሉታል። ሳህኑ እየዞረ በሰፊ ብሩሽ የሚቀባበት ዘዴም አለ። እቶኑ ዳገት ተከትሎ የተሠራ፣ በእንጨት የሚነድ ነው፤ አንዱን ትልቅ እቶን ቤተሰቦች በጋራ ይጠቀሙበታል።

መንደሯን ለሌላው ጃፓን ያስተዋወቀው ያናጊ ሶኤትሱ ነው። ያናጊ ከሸክላ ሠሪዎቹ ከሐማዳ ሾጂና ከካዋይ ካንጂሮ ጋር፣ ስም የለሽ ባለሙያ የሠራው ተራ ዕቃ ውበት አለው የሚለውን የ“ሚንጌይ” ንቅናቄ የመሠረተ ሰው ሲሆን፣ ሳራያማ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1931 ነበር። በ1954 ደግሞ እንግሊዛዊው ሸክላ ሠሪ በርናርድ ሊች መጥቶ ከሠሪዎቹ ጋር ሲሠራ ሰነበተ። ነገሩ ግራ የሚያጋባ ነው፤ ስም የለሽነትን ያወደሰው ንቅናቄ በሌላ ቦታ ስመ ጥር አርቲስቶችን አፈራ፣ የአንዳንዶቹም ሳህን ከገበታ ይልቅ ለሙዚየም መስታወት ሆነ። ኦንታ ግን በዚህ ረገድ ጸንቷል። ዕቃው የመንደሩ ስም እንጂ የሠሪው ስም አይታተምበትም። እ.ኤ.አ. በ1995 ሙያው የአገሪቱ የማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብም ባለቤት የተባለው አንድ ግለሰብ ሳይሆን የሠሪዎቹ ማኅበር ነው።

አብዛኛው ጃፓናዊ በየቀኑ የሚበላበት ዕቃ ግን ከዚህ አይመጣም፤ ገበያውን የሞላው እንደ ጊፉ ግዛት ካሉ የፋብሪካ አካባቢዎች የሚወጣው ርካሽ ሳህን ነው።

ለመንደሯ የጉልበት ምንጭ የሆነው ጅረት ጠላትም ይሆናል። በሐምሌ 2017 (እ.ኤ.አ.) በሰሜን ክዩሹ የጣለው ዶፍ ዝናብ ካራኡሱዎቹን አፈራርሶ፣ ዘነዘናዎቹ ጸጥ ብለው ሰነበቱ። ሠሪዎቹ ሌላ ግንድ ቆርጠው፣ ጫፉን ቦርቡረው እንደገና ተከሏቸው።