ሞተር ሳይለካ የሚስበው አየር፦ የቫኪዩም ሊክ ምልክቶች

መኪናው ሲነዳ ደህና ነው። መብራት ላይ ሲቆም ግን ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይጠፋል። በቤንዚን መኪና ላይ እንዲህ ያለ ጠባይ ሲታይ ከመጀመሪያዎቹ ተጠርጣሪዎች አንዱ የቫኪዩም ሊክ ነው።

ሞተሩ በሚኒሞ (ቤንዚን ሳይረገጥ) ሲሠራ ስሮትሉ፣ ማለትም ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚከፍትና የሚዘጋው በር፣ ሊዘጋ ምንም አይቀረውም። ፒስተኖቹ ግን አየር መሳባቸውን አያቆሙም። ስለዚህ ማኒፎልዱ (አየሩን ከስሮትሉ ወደ ሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ቧንቧ) ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው በጣም ያንሳል፤ ቫኪዩም የሚባለውም ይኸው ነው። በዚያ መስመር ላይ አንድ ቱቦ ከተሰነጠቀ ወይም ጋስኬት (የመጋጠሚያ ማሸጊያ) ከለቀቀ የውጭ አየር ሾልኮ ይገባል። በብዙ መኪኖች አየር የሚለካው ሴንሰር ያለው ከስሮትሉ በፊት ነው። ስለዚህ የሾለከውን አያውቀውም። ኮምፒውተሩ ለ14.7 ግራም አየር 1 ግራም ቤንዚን ብሎ አስልቷል፤ ትርፉ አየር ሒሳቡን ያፋልስበታል። ቤንዚን ሲረገጥ ግን በስሮትሉ የሚገባው አየር ስለሚበዛ የሾለከችው ቁም ነገር አትሆንም። ለዚህ ነው ችግሩ ቆሞ ብቅ፣ ሲነዱ ጥፍት የሚለው።

የሚኒሞ ነገር ግን ከመኪና መኪና ይለያያል። አንዱ ይወርዳል፣ ሌላው ከፍ ዝቅ ይላል። አየሩን በማኒፎልድ ግፊት የሚለካ ሞተር ደግሞ ትርፉን አየር ስለሚቆጥረው ሚኒሞው ከፍ ብሎ ይቀራል። ኮፈኑ ተከፍቶ ጆሮ ሲሰጡት «ስስስ» የሚል ድምፅ ሊሰማ ይችላል። የፍሬን ፔዳል ከደነደነ ወይም ፍሬን ሲያዝ ሚኒሞው ከተለወጠ ወደ ፍሬን ሰርቮው (በቫኪዩም እየሠራ ፔዳሉን ወደሚያቀለው ክፍል) የሚሄደውን ወፍራም ቱቦ ማየት ነው። ይሄኛው ቀጠሮ የሚሰጠው ጉዳይ አይደለም።

ቼክ ኢንጂን ከበራ ብዙ ጊዜ የሚወጡት ኮዶች ፒ0171 እና ፒ0174 ናቸው። ሁለቱም አየሩ በዛ፣ ቤንዚኑ አነሰ ነው የሚሉት። ኮዱን ብቻ አይቶ ኦክስጅን ሴንሰር የሚገዛ ሰው ብዙ ነው። እኔን ቢጠይቁኝ መጀመሪያ ፊዩል ትሪሙን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን በስንት በመቶ እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ የሚያሳየውን ቁጥር፣ በኮድ ማንበቢያው ማየት ይሻላል። በሚኒሞ ፕላስ 20 በመቶ ያለው ቁጥር ሞተሩ 2,500 ዙር ላይ ሲያዝ ወደ ዜሮ ከተጠጋ ሊክ ነው የሚያስጠረጥረው። ዙር ሲጨምር ቁጥሩም ከጨመረ ግን የቤንዚን ፓምፑን፣ የቤንዚን ፊልትሮውን ወይም የአየር ሴንሰሩን ማየት ነው።

በቫኪዩም ጌጅ (የቫኪዩም መለኪያ) የሚሠራ ሰው የሚኖርበትን ከፍታ ማሰብ አለበት። በባሕር ጠለል ላይ ጤነኛ ሞተር በሚኒሞ ከ17 እስከ 22 ኢንች ሜርኩሪ ያሳያል። ከፍታው 300 ሜትር በጨመረ ቁጥር ወደ 1 ኢንች ይቀንሳል። አዲስ አበባ ላይ፣ 2,300 ሜትርና ከዚያ በላይ፣ ከ7 እስከ 8 ኢንች ይጎድላል ማለት ነው። የፈረንጅ ቪዲዮ አይቶ የመጣ ሰው 12 ሲያነብ ይደነግጣል፤ ለፒያሳ 12 ደህና ነው።

የሚሾልክበት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ርካሽ ነገር ነው። ጎማ በሞተር ሙቀት ይደርቃል። ከማኒፎልዱ ሥር የሚታጠፈው የፒሲቪ ቱቦ (ከሞተሩ ሆድ የሚወጣውን ጋዝ ወደ ማኒፎልዱ የሚመልሰው) ላይ ላዩን ደህና ይመስላል፤ በጣት ጎንበስ ሲያደርጉት ከታች በኩል አፉን ይከፍታል። ከአየር ፊልትሮው ወደ ስሮትሉ የሚሄደው ቦላሌ መሳይ ጎማም በእጥፋቶቹ መሃል ነው የሚሰነጠቀው። የማኒፎልድ ጋስኬት ደግሞ ጠዋት በብርድ አሳልፎ፣ ሞተሩ ሲሞቅ ሰፍቶ ሊዘጋ ይችላል። በ2000 እ.ኤ.አ. አካባቢ በወጡ የኮሮላ 1.8 ሊትር ሞተሮች ላይ የታወቀ ነገር ነው። እንዲህ ያለውን መኪና ሞቆ ጋራዥ ካደረሱት ምንም አይገኝበትም።

ቦታውን ለማግኘት ከሁሉ የሚሻለው የጭስ ማሽን ነው፤ ጭሱ በስንጥቁ ይወጣል። ማሽኑ ከሌለ የሳሙና ውሃ በተጠረጠረው ቦታ ላይ ይረጫል። ሚኒሞው ለአፍታ ከተስተካከለ እዚያ ነው። የካርቡሬተር ማጽጃ የሚረጩም አሉ። እሱም ይሠራል፣ ግን የጋለ ማርሚታ አጠገብ እሳት ሊነሣ ይችላል።

ናፍጣ መኪና ይህ ወሬ ብዙም አይመለከተውም። አብዛኛው ናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚኑ አየሩን በስሮትል ስለማያንቅ ማኒፎልዱ ውስጥ ይህ ነው የሚባል ቫኪዩም የለም። ለፍሬን ሰርቮው ለብቻው የቫኪዩም ፓምፕ ይገጠምለታል። እዚያ ላይ ሊክ ቢኖር ሚኒሞው ላይረበሽ ይችላል፤ ችግሩ የሚታወቀው ፍሬኑ ሲደነድን ነው።