ሾተላይ ምንድን ነው?

አንዲት ሴት የመጀመሪያ ልጇን በሰላም ትገላገላለች። ሁለተኛው ሆዷ ውስጥ ይሞታል፤ ወይም ተወልዶ በቀናት ውስጥ ቢጫ ሆኖ ያልፋል። ሦስተኛውም እንደዚያው። ጎረቤት «ሾተላይ አለባት» ይላል። ክታብ ይታሰርላታል። አንዳንዴም ትዳሯ በዚህ ሰበብ ይፈርሳል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ የመጨረሻው ነው፤ ነገሩ የሁለት ሰዎች ደም አለመግጠም እንጂ የእሷ ጥፋት አይደለም።

ደማችን ኤ፣ ቢ፣ ኤቢ ወይም ኦ ከመሆኑ ሌላ ፖዘቲቭ ወይም ኔጌቲቭ ይባላል። ፖዘቲቭ የሆነ ሰው ቀይ የደም ሴሎቹ ላይ «ዲ» የሚባል ፕሮቲን አለ። ኔጌቲቭ የሆነ ሰው ይህ የለውም፤ ለራሱ ጤና ግን ምንም አይጎድልበትም። ጣጣው የሚመጣው እናት ኔጌቲቭ ሆና ጽንሱ ከአባቱ ፖዘቲቭ ሲወርስ ነው። አባትም ኔጌቲቭ ከሆነ ስጋት የለም።

የመጀመሪያው ልጅ ለምን ያመልጣል? በእርግዝና ወቅት የእናትና የልጅ ደም በእንግዴ ልጁ ተለይቶ ነው የሚኖረው። በወሊድ ጊዜ ግን ጥቂት የልጁ ደም ወደ እናትየው ይገባል። ሰውነቷ «ዲ»ን አይቶት ስለማያውቅ ፀረ እንግዳ አካል ማምረት ይጀምራል። ልጁ ግን በዚያን ጊዜ ተወልዷል። ሰውነት ደግሞ አይረሳም። ቀጣዩ ጽንስም ፖዘቲቭ ከሆነ ፀረ እንግዳ አካሉ ቶሎና በብዛት ይመረታል። የአሁኑ ዓይነት እንግዴ ልጁን አልፎ መግባት ይችላል፤ ገብቶም የጽንሱን ቀይ የደም ሴሎች ያፈርሳል። ጽንሱ ደም ያንሰዋል፣ ሰውነቱ ውኃ ይቋጥራል፣ ልቡ ይደክማል። በሕይወት ቢወለድም የፈረሰው ደም የሚተወው ቢጫ ንጥረ ነገር አንጎሉን ሊጎዳው ይችላል።

ይህን ምስጢር የፈታው ሁለት ገጽ ብቻ ከሆነች የሕክምና ጽሑፍ የጀመረ ሥራ ነው። በ1939 እ.ኤ.አ. ፊሊፕ ሌቪን እና ሩፉስ ስቴትሰን፣ ኒው ዮርክ ውስጥ ልጇ ሞቶ የተወለደባትን አንዲት ሴት ታሪክ አሳተሙ። ሴትዮዋ የባሏን ደም ወስዳ ነበር። ሁለቱም ኦ ናቸው፤ ሆኖም ደሙ አልተስማማትም። ሌቪን ያኔውኑ የጠረጠረው፣ ጽንሱ ከአባቱ የወረሰው አንድ ነገር የእናቱን ሰውነት ሳያስቆጣ እንዳልቀረ ነው። በ1941 ጉዳዩን ከሕፃናቱ ሞት ጋር በግልጽ አያያዘው።

መከላከያውን ደግሞ በ1960ዎቹ ሁለት ቡድኖች ለየብቻ ደረሱበት፦ ሊቨርፑል ላይ ሮናልድ ፊን እና ሲረል ክላርክ፣ ኒው ዮርክ ላይ ፍሬዳ፣ ጎርማን እና ፖላክ። ሐሳቡ ጉድ ያሰኛል። እናትየው ራሷ እንዳታመርተው የሚፈራውን ያንኑ ፀረ እንግዳ አካል፣ የተዘጋጀውን በጥቂቱ ይወጓታል። የገባው የልጁ ደም ሰውነቷ ሳይነቃበት ይጠረጋል። የተወጋችው ፀረ እንግዳ አካል ደግሞ በጊዜ ብዛት ከደሟ ይጠፋል። መርፌው አንቲ ዲ ይባላል፤ አሜሪካ ውስጥ በ1968 ተፈቀደ።

የሚዘጋጀው ከሰው ደም ነው። ደሙ ለዚህ የዋለው አውስትራሊያዊው ጄምስ ሃሪሰን ከ1954 እስከ 2018 ድረስ በጠቅላላው 1,173 ጊዜ ደም ለግሷል።

ዋናው ነገር ሰዓቱ ነው። ብዙ አገሮች ውስጥ በ28ኛው ሳምንት አካባቢ አንድ ጊዜ ይሰጣል፤ የተወለደው ልጅ ፖዘቲቭ ከሆነ ደግሞ በ72 ሰዓት ውስጥ ይደገማል። ሁለቱንም ያገኘች እናት ሰውነቷ የመቆጣቱ ዕድል ከመቶ 1 በታች ይወርዳል። ብዙዎች የማያውቁት ግን ፅንስ ሲወርድ፣ ከማህፀን ውጭ ሲረገዝ፣ በእርግዝና ወቅት ሲደማ ወይም ሆድ ሲመታም ሊያስፈልግ መቻሉን ነው። «ወርዶብኝ ነው፣ ምንም አልወለድኩም» ብላ ቤቷ የምትቀር ሴት ቀጣዩ ልጇ ላይ አደጋው ሊደርስባት ይችላል። እባካችሁ እንዲህ ያለች እህት ካለቻችሁ የደም ዓይነቷን ጠይቋት፣ ጤና ጣቢያም ውሰዷት።

ሰውነቷ አንዴ ከተቆጣ በኋላ መርፌው አይሠራም። ለዚህ ነው በመጀመሪያው የእርግዝና ክትትል ከደም ዓይነቷ ሌላ የኩምብስ ምርመራ የሚታዘዝላት፤ ፀረ እንግዳ አካሉ ካለ የሚታየው እዚያ ነው። ከተገኘባትም ነገሩ አበቃለት ማለት አይደለም። የጽንሱ ደም ማነስ በአልትራሳውንድ ይታያል። ሲብስ ገና ማህፀን ውስጥ እያለ ደም ይሰጠዋል። ይህን ኒውዚላንዳዊው ዊሊያም ላይሊ በ1963 ኦክላንድ ላይ ሠርቶ አሳይቷል።